የነፋስ አቅጣጫና ልማዳዊ የአየር ጠባይ ዕውቀት በዓሣ ማስገር ሥራ ላይ ያላቸው ፋይዳ

በሐይቅ ዳር ለሚኖር ዓሣ አስጋሪ ነፋስ የሚነፍስበትን አቅጣጫ ለይቶ ማወቅ የሙያው መጀመሪያ ነው። መረቡን የት እንደሚጥል፣ በስንት ሰዓት ከዳር እንደሚነሳና መቼ መመለስ እንዳለበት የሚወስነው ነፋሱን፣ ደመናውንና የውኃውን ቀለም አይቶ ነው። ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ በዘመናዊ ሳይንስ የተረጋገጠው፣ በከፊል ብቻ እውነትነት ያለውና ጨርሶ መሠረት የሌለው እምነት በአንድነት ተደባልቀው ይገኙበታል። የዓሣ ሀብት ልማትን የሚመሩ፣ የሐይቅ ላይ ጉዞ ደህንነትን የሚከታተሉና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራን የሚያስተባብሩ አካላት አንዱን ከሌላው ለይተው ማወቃቸው የሰው ሕይወትንና የሀብቱን ህልውና የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ነፋስን ከዓሣ ጋር ማያያዝ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። በተለይ በብሪታንያ ደሴቶች ነፋስ ከምዕራብ ሲነፍስ ዓሣ በብዛት እንደሚያዝ፣ ከምሥራቅ ሲነፍስ ግን መንጠቆ እንደማይነካ የሚገልጸው አባባል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ አይዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 ባሳተመው ስለ ዓሣ ማጥመድ በሚያትት መጽሐፉ ውስጥ የነፋስ አቅጣጫን ጉዳይ አንስቷል። አባባሉ በተወለደበት ምድር ምክንያት አለው። በዚያ አካባቢ የምዕራብ ነፋስ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ለስለስ ያለ እርጥብ አየርና ደመና ይዞ ሲመጣ፣ የምሥራቅ ነፋስ ደግሞ ከአውሮፓ ምድር ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይዞ ይመጣል። ዓሣ ደምን በራሱ የማያሞቅ እንስሳ በመሆኑ ውኃው ሲቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ ከጥልቁ ወደ ዳርና ወደ ላይ ወጥቶ ይመገባል። ስለዚህ በእውነቱ የሚሠራው የውኃው ሙቀትና የብርሃኑ መጠን እንጂ የነፋሱ አቅጣጫ ራሱ አይደለም። አቅጣጫው ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ ደግሞ አገር ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል።

በኢትዮጵያ የነፋስ አቅጣጫ በዋነኛነት የሚከተለው ወቅቶችን ነው። በክረምት ወራት በምዕራብና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል እርጥብ አየር የሚያመጣው ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ይበረታል። በልግ አብቃይ በሆኑ አካባቢዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ዝናብ የሚያመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ የሚመጣው እርጥበት ነው። በመሆኑም አንድ አስጋሪ ነፋሱ ዞረ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ወቅት መለወጥ ነው። የወቅት መለወጥ ደግሞ ወንዞች መሙላታቸውንና ዓሣው ለመራባት መንቀሳቀሱን የሚያስከትል በመሆኑ፣ ልማዱ ከጥንት ጀምሮ ጠቃሚ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጣና ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ሐይቁ ከ3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ የማያልፍ በመሆኑ ነፋስ በቀላሉ ያናውጠዋል። ሌሊት የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ አየሩ ከየብስ ወደ ሐይቁ በዝግታ ይነፍሳል። ጠዋት ውኃው ጸጥ ያለ ይሆናል። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን የብሱ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ተገልብጦ ከሐይቁ ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል፤ ከቀትር በኋላም ማዕበሉ ይበረታል። የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች መንገደኞችን ወደ ደሴት ገዳማት ማለዳ ማድረስን የሚመርጡት፣ በደንገል ታንኳ የሚሠሩ አስጋሪዎችም መረባቸውን ማታ ጥለው ንጋት ላይ የሚያወጡት ከዚህ የተነሣ ነው። ታንኳው ጠርዙ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፤ ስለዚህም ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ እንዲደርቅ ይደረጋል። በነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ዘንድ የቆየው የታንኳ አሠራር ጥበብ ከነፋሱ ሰዓት ጋር አብሮ የሚታይ ዕውቀት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ከዳር ርቆ በማለዳ መመለስ ያልቻለ ታንኳ ከቀትር በኋላ ካለው ማዕበል ጋር መጋፈጡ አይቀርም።

ነፋስ በውኃው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከላይ ከሚታየው ማዕበል የበለጠ ነው። ነፋስ ለሰዓታት በአንድ አቅጣጫ ሲነፍስ የላይኛውን ሞቃት ውኃና በላዩ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ እፅዋት ነፋሱ ወደሚሄድበት ዳርቻ ይገፋል። ደቃቁን እፅዋት የሚመገበው ቆሮሶ ምግቡን ተከትሎ ወደዚያው ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። ነፋሱ በተነሣበት ዳርቻ ደግሞ ከታች ያለው ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ማዕበሉ ከሥር ያለውን ደለል ያነሣና ውኃውን ያደፈርሰዋል። ይህም ሁለት ተቃራኒ ውጤት አለው። በዓይኑ አይቶ ለሚያድን ዓሣ ድፍርስ ውኃ እንቅፋት ነው፤ ተተክሎ ለሚያድር መረብ ግን መሸሸጊያ ነው፤ ዓሣው የመረቡን ክር ስለማያየው ይገባበታል። በነፋሻ ሌሊት ማግሥት ብዙ ዓሣ ተያዘ ሲባል ነፋሱ ዓሣውን አመጣው ማለት ላይሆን ይችላል። ዓሣው ቀድሞም እዚያው ነበር፤ የተለወጠው መረቡ አለመታየቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ከሚሰሙት እምነቶች መካከል የአየር ግፊት ሲወርድ ዓሣ ይሰማዋል፣ ስለዚህም ከዝናብ በፊት አብዝቶ ይበላል ወይም ጨርሶ ይደበቃል የሚለው ይገኝበታል። ጉዳዩ በቁጥር ሲታይ አያሳምንም። 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ብቻውን ወደ 10 ሄክቶፓስካል የሚጠጋ ግፊት አለው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል እንኳን በርቱ ማዕበል ሲመጣ የሚታየው የግፊት ለውጥ ከጥቂት አሥር ሄክቶፓስካል አይዘልም። ዓሣው ጥቂት ስንዝር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በዋኘ ቁጥር ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ለውጥ ያገኘዋል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች ደግሞ ነገሩ ከዚያም ያነሰ ነው። በኢትዮጵያ የአየር ግፊት በየዕለቱ ከጠዋቱና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀትር በኋላና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ እያለ በመደበኛነት የሚዋዥቅ ሲሆን፣ በዝናብ ምክንያት የሚመጣው ለውጥ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የዕለት ውዝዋዜ አይለይም። በመሆኑም ከውጭ በሚገቡ የመዝናኛ ዓሣ ማጥመጃ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው የባሮሜትር ሰንጠረዥ ለጣናም ሆነ ለጫሞ የሚረባ አይደለም። ከዝናብ በፊት ለውጥ ከታየ ምክንያቱን በብርሃን መቀነስ፣ በነፋሱ መነሣትና በውኃው መቀዝቀዝ መፈለግ ይበልጥ ተገቢ ነው።

በጨረቃ ዙሪያ ስለሚታየው ክብ ብርሃንም ተመሳሳይ ነገር ሊባል ይችላል። ክቡ የሚፈጠረው በከፍተኛው አየር ላይ ባለው ስስ የበረዶ ደመና ነው። ይህ ደመና በአውሮፓ ዝናብ አምጪውን የአየር ግንባር አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ምልክቱ በአብዛኛው ይሠምራል። በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ግን አብዛኛው የክረምት ዝናብ የሚጥለው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሚያድግ ደመና በመሆኑ የዋዜማው ጨረቃ የማግሥቱን ቀን አይናገርም። ጨረቃ በዓሣ ማስገር ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ የሚኖራት በሌላ መንገድ ነው። በታንጋኒካና በቪክቶሪያ ሐይቆች ትናንሽ ዓሦችን በመብራት እየሳቡ በሌሊት የሚያሰግሩ ሰዎች ጨረቃ ሙሉ በምትሆንባቸው ቀናት ሥራቸውን ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ። የጨረቃዋ ብርሃን የመብራቱን ኃይል ስለሚያሳጣው ነው። ይህ ልማድ ማንም ሊፈትነው የሚችል፣ ፈተናውንም ያለፈ ነው።

በጣና ዙሪያ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ክረምቱና ወንዞቹ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን የሚቆይ ሲሆን፣ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው ደለል የተቀላቀለበት ውኃ ወደ ሐይቁ የሚያስገቡት በዚሁ ወቅት ነው። ላቤኦባርበስ በሚል ሳይንሳዊ መጠሪያ የሚታወቀው የዓሣ ወገን በጣና ከ15 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህ መካከል በርካታዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምቱ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞቹ ይገባሉ፤ የውኃው መደፍረስና መሙላትም የጉዞው መነሻ ነው። አምባዛም እንዲሁ ዝናቡ ሲበረታ እንደ ፎገራ ባሉ በጎርፍ በሚሸፈኑ ሜዳዎች ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስና ደራሽ ውኃ ሲመጣ በወንዝ አፍ ላይ ዓሣ ይበዛል የሚለው ልማዳዊ ዕውቀት ፍጹም ትክክል ነው።

አደጋውም ያለው ትክክል በመሆኑ ላይ ነው። ለመራባት የሚጓዘው ዓሣ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ስለሚሰበሰብ በወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘው ከሐይቁ መካከል ለቀናት ተደክሞ ከሚገኘው ሊበልጥ ይችላል። አስጋሪው ይህን ሲያገኝ ዘመኑ የጥጋብ ነው ብሎ ይደመድማል። በአንዳንድ ወንዞች ደግሞ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ እየተጨመረ ዓሣው ደንዝዞ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል፤ ይህም ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይፈጃል። በጣና በሞተር ጀልባ የሚካሄደው ዘመናዊ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የላቤኦባርበስ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አመልክተዋል። ለመቀነሱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው በመራቢያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ የሚካሄደው ማስገር ነው። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ያወጣችውም ሀብቱ ለትውልድ እንዲተላለፍ በማሰብ ነበር። ሕጉን በየወረዳው የሚያስፈጽም ባለሙያ በወረቀት ላይ የተጻፈውን የመራቢያ ወቅት አስጋሪው ነፋሱን አይቶ ከሚያውቀው ወቅት ጋር አገናኝቶ ቢያስረዳ በቀላሉ ይግባባል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነውና።

ከነፋስ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ሆኖም እንደ ዕድል የሚቆጠር ሌላ የዘመን ምልክትም አለ። በዐቢይ ጾም ወራት በገበያ የዓሣ ፍላጎት ስለሚጨምር ብዙ አስጋሪዎች በዚያ ወቅት ሥራቸውን ያጠናክራሉ። በመዝገብ ላይ የሚታየው የምርት ጭማሪ በአመዛኙ የሚመጣው ከተጨመረው መረብና ከተጨመረው የሥራ ሰዓት ነው። የወረዳ ሪፖርት አዘጋጆች ይህን ሳያገናዝቡ የየካቲትን ምርት ከነሐሴ ምርት ጋር ቢያወዳድሩ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ። ለአንድ መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ኪሎ ግራም እንደተገኘ መመዝገብ ከጠቅላላው ድምር የተሻለ እውነቱን ያሳያል። የነፋሱን አቅጣጫና ሰዓት በአንድ ተጨማሪ ዓምድ መጻፍ ደግሞ ወጪ የለውም።

የአንዱ ሐይቅ ዕውቀት ለሌላው እንደማያገለግል የቱርካና ሐይቅ ያሳያል። የኦሞ ወንዝ በሚገባበት ሰሜናዊ ጫፉ ኢትዮጵያን የሚነካው ይህ ሐይቅ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ባለው ክፍት መተላለፊያ ስለሚገኝ፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ብርቱ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ይነፍስበታል። ነፋሱ የሚበረታው በሌሊትና በጠዋት ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ ይለዝባል። የጣና አስጋሪ ማለዳ ውጣ፣ ከቀትር በፊት ተመለስ የሚለው መመሪያ እዚያ ቢሠራበት ሰውን ወደ ማዕበል መላክ ይሆናል። በ68 ሺህ 800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋቱ ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነው በቪክቶሪያ ሐይቅም ሌሊት ከየብስ ሁሉ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው አየር መካከል ላይ እየተጋጨ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከባዱ መብረቅና ነጎድጓድ የሚበዛው ከሌሊት እስከ ማለዳ ነው። በዚያ ብዙ አስጋሪዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ ኖረዋል። በቅርብ ዓመታት የሐይቁ አዋሳኝ አገሮች የሚቲዎሮሎጂ ተቋማት ከዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ጋር በመሆን ለአስጋሪዎች የነፋሱን ብርታትና አቅጣጫ፣ የማዕበሉን ከፍታና የነጎድጓዱን ዕድል በአካባቢ ቋንቋዎች የሚገልጽ ትንበያ እያወጡ ነው።

የነፋስ አቅጣጫ ዓሣን የሚያበዛና የሚያጠፋ ስለመሆኑ ከሁሉ የጎላው ማስረጃ ያለው በሩቁ የፔሩ ባሕር ነው። በዚያ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከዳር እያራቀ ቀዝቃዛና በምግብ የዳበረ ውኃ ከሥር እንዲወጣ ያደርጋል፤ አንቾቬታ የተባለው ትንሽ ዓሣ የሚበዛውም በዚህ ነው። የአገሩ ባሕርተኞች በገና ሰሞን ሞቃት ውኃ እንደሚመጣ አስተውለው ክስተቱን በሕፃኑ ክርስቶስ ስም ኤልኒኞ ብለው ጠሩት። ሳይንስ ስያሜውን የወሰደው ከእነርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው የአንቾቬታ ምርት፣ በ1972 በተከሰተው ኤልኒኞና አስቀድሞ ከመጠን በላይ በተካሄደው ማስገር ምክንያት በ1973 ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ አሽቆለቆለ። ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተከሰተው ኤልኒኞ የክረምቱን ዝናብ በማዛባቱ 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው መገለጹ ይታወሳል።

በአገር ውስጥ ነፋስና ቅዝቃዜ ለጥርጣሬ የሚዳርጉበት አጋጣሚም አለ። በቢሾፍቱ ዙሪያ የሚገኙት እንደ ባቦጋያ ያሉ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠሩ ሐይቆች ጥልቅ ሲሆኑ፣ የታችኛው ውኃቸው ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን ሳያገኝ ይቆያል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲነሣ፣ የላይኛው ውኃ ከብዶ ይሰምጥና ኦክስጅን አልባው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ዓሣ በብዛት ሞቶ ሊንሳፈፍ ይችላል። የአካባቢው ሰው ይህን ባየ ቁጥር መርዝ ተጨመረ ብሎ መጠርጠሩ አያስደንቅም፤ ጥርጣሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜም ሊኖር ስለሚችል ናሙና መውሰድ ግድ ይላል። ሆኖም መርማሪው በቅድሚያ ሊያነሣቸው ከሚገቡ ጥያቄዎች አንዱ ባለፉት ሌሊቶች ምን ዓይነት ነፋስና ቅዝቃዜ ነበር የሚለው ነው።

መንግሥታት ለአስጋሪዎች የአየር ጠባይ መረጃ መስጠትን እንደ ኃላፊነት መቁጠር የጀመሩት ዘግየት ብለው ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1854 የተቋቋመውን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመሩት ሮበርት ፊትዝሮይ በዓሣ አስጋሪ መንደሮች የሕዝብ ባሮሜትር እንዲተከል አድርገዋል። በጥቅምት 1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ ከ400 በላይ ሰዎችን ይዛ ከሰጠመች በኋላም በ1861 የማዕበል ማስጠንቀቂያ ማውጣት ጀምረዋል። ባሮሜትሩ ዓሣው የት እንዳለ አልተናገረም፤ ነፋስ እየመጣ መሆኑን ግን ተናግሯል። በኢትዮጵያ በአሁኑ ጊዜ ትንበያ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ መረጃው በወረዳና በቀበሌ በኩል ከሐይቁ ዳር እስኪደርስ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ታንኳ ላይ ላለ ሰው ከዝናቡ መጠን ይልቅ ነፋሱ የሚነሣበት ሰዓት ይጠቅመዋል።

በጣና ላይ የነፋስን አቅጣጫ መከታተል ከእምቦጭ መምጣት ወዲህ አዲስ ትርጉም አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መኖሩ የተረጋገጠው ይህ አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። ሥሩ በመሬት ያልተያዘ ተንሳፋፊ በመሆኑም ነፋስና ማዕበል ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይነዱታል። ማታ በንጹሕ ውኃ ላይ የተጣለ መረብ ንጋት ላይ በአረም ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወይም ከነተንሳፋፊው ተወስዶ ሊገኝ ይችላል፤ ዛሬ የተነቀለለት ዳርቻም ነፋሱ ሲገለበጥ እንደገና ይሸፈናል። በመሆኑም አረሙን ለማስወገድ የሚሰማራ የሰው ኃይልና ማሽን ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ አስጋሪዎቹ ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋ የሚያውቁትን መጠየቅ የሥራው የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን ይገባል።